ስለ እኔ አርባ አንድ ገጽና ስለ አልታየች ሦስት ገጽ

ጎረቤላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ብርሃነ መስቀል፣
የጤና ጥናት ማመልከቻዎች መርማሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉልበትዎን ሳይዳፈር ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት ያገኝዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጎረቤላ ክሊኒክ አሥራ አንድ ዓመት ቁስል ያጠብሁት ድሬሰር፣ ከቅናት በቀር ሕመም የለብኝም።

አንደኛ፣ የጥናት ማመልከቻ እንድናቀርብና ያሸነፈው ጥናቱን እንዲመራ ባዘዛችሁ ጊዜ፣ «በአንኮበር ወረዳ ስላሉ በሽታዎች ሁሉ፣ ስለ መነሻቸውና ስለ መድኃኒታቸው» የሚል አርባ አንድ ገጽ ጽፌ በበቅሎ አመጣሁ። ኮሚቴውም «ጥያቄው የቱ ነው?» የሚል ጽፎ መለሰልኝ። ሃያኛውና ሃያ አንደኛው ገጽ በሻማ ጠብታ ተጣብቀው ነበር፤ እንደ ተጣበቁ ስለ መለሳችሁልኝ ለንብረቴ ያደረጋችሁትን ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ያሸነፈችው ነርስ አልታየች ገብረ ጻድቅ ናት። ወደ ክሊኒካችን ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሕሙማን መዝገብ አያያዝ ያስተማርኋትም እኔ ነኝ። ማመልከቻዋ ሦስት ገጽ፣ ጥያቄዋም አንድ ነው፦ ከደጋ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርደው እዚያ ከሚያድሩትና በዕለቱ ከሚመለሱት ይበልጥ ወባ የሚይዛቸው የትኞቹ ናቸው? ለነዚያው ገበያተኞች ኪኒን ሳድል አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ማመልከቻዋን ስታዘጋጅ አንድ ቀን ከመዝገቤ ላይ ቀና ብላ፣ «ጋሼ ወልደተንሣኤ፣ ያልታመሙትንስ ማን ጠየቃቸው?» አለችኝ። ጤነኛ ሰው ክሊኒክ ምን ይሠራል ብዬ ሳቅሁባት። በኮሚቴው ፊት በቀረብን ዕለት እርስዎ ያንኑ ጠየቁኝ፤ እኔም አርባ አንዱን ገጽ ማገላበጥ ጀመርሁ። አልታየች አንገቷን ደፋች። ተራዋ ሲደርስም መዝገብ መያዝን ከእኔ እንደ ተማረች ለሁላችሁም ተናገረች። ክቡር ሆይ፣ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ በደግነቷም ጭምር ቀናሁባት።

አራተኛ፣ ክብሬ እንዳይጎድል አስባችሁ፣ የአልዩ አምባን ሰዎች ስለማውቅ የእርሷ ጠያቂ ሆኜ ቤት ለቤት እንድዞር አዘዛችሁኝ። አሞኛል ብዬ አንድ ሳምንት ቀረሁ። እኔ በሌለሁበት ደጃፉ ሁሉ እንደ ተዘጋባት ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደስታዬ አሳፈረኝና ቁልቁለቱን ወረድሁ። የደጋ ገበያተኞችን በቤቱ የሚያሳድረው የጨው ነጋዴው ያሕያ በሩን ከፍቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሳልታመም የጠየቀኝ ሐኪም አንተ ነህ» አለኝ። እስከ ትናንት መቶ አሥራ ስድስት ሰው ጠይቀናል። ያደሩት በልጠው ይታያሉ፤ አልታየች ግን ቆጠራው ሳያልቅ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለችና፣ እርስዎም እንዳልነገርሁዎ ይቁጠሩልኝ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ጥናቱ ሲጻፍ ስሟ ከስሜ በላይ መሆኑን አልቃወምም፤ በመካከላቸው ብዙ ባዶ ቦታ እንዳይተው ግን አደራ እላለሁ።

አርባ አንድ ገጽ በሦስት ቃል መመለስ እንደሚቻል ላስተማሩኝ ለክቡርነትዎ፣ በታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ ጥቂት በሚበልጥ ቅሬታ እጅ እነሳለሁ፤

ድሬሰር ወልደተንሣኤ ገብረ ሕይወት

ማሳሰቢያ፦ ለመጪው ዓመት አንድ ጥያቄ አግኝቻለሁ። ማመልከቻው ገጽ ከግማሽ ስለሆነ ኮሚቴው እስከ መጨረሻው ለማንበብ እንደማይቸገር ተስፋ አደርጋለሁ። አልታየች ሁለት ጊዜ አርማልኛለች። ያሸነፍሁ ዕለት ትንሽ ብትቀናብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አውቃታለሁ፣ አታደርገውም።