ከቀኝ ጫማ ስለወጣው አረንጓዴ ፊርማ

ይድረስ ለከተማችን የትዝታና የቅርስ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በለስላሳ ወንበርና በጥሩ የምግብ ፍላጎት ላይ እንዳሉ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እስከ ሐሙስ ድረስ ደህና ሆነው እንዲቆዩልኝ እፈልጋለሁና። እኔስ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ ሰሞን ተደስቼ አላውቅም። ብቻዬን እየሳቅኩ ስውል ጎረቤቶቼ «ልትዳሪ ነው እንዴ?» ይሉኛል። የደስታዬ ምንጭ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በጓዳ ከማንሾካሽክ በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ባደርሰው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሳሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ስለጠፉት ትልልቅ መደብሮችና በከተማችን ስለደረሱት ፍንዳታዎች ያሳተመው መጽሐፍ በየቤታችን ታድሏል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ትዝታ ያለው ነዋሪ በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክልን» ይላል። አንድ ገጽ አይበቃኝምና ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በቀጥታ ጫማ ሻጭ የሆንኩ ሰው ነኝ፣ ማሳጠር አልተማርኩም። ማሳጠሩንስ እርስዎ ያውቁበታል፤ የአራት ሰው ሞት በሁለት መስመር ከትተው የለ!

ለማያስታውሱ አንባቢዎች ልናገር። ዛሬ መኪና የሚቆምበት የአደባባዩ ጥግ ላይ ከሠላሳ ዓመት በፊት ባለ አራት ፎቅ መደብር ነበር። ከመርፌ እስከ አልጋ የማይሸጥ ነገር አልነበረውም፤ ሰው ሊገዛ ብቻ ሳይሆን በሊፍቱ ሊወጣና ሊወርድም ይመጣ ነበር። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በመጀመሪያው ፎቅ ጫማ እሸጥ ነበር። ክቡርነትዎ አራተኛ ፎቅ ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችንም በታች፣ ከመሬት ሥር ባለው ክፍል ውስጥ የውሃ ማሞቂያውንና የጋዝ ቧንቧውን ይጠብቅ ነበር። በዓመቱ የቅናሽ ሽያጭ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋዙ ፈነዳ። ወንድሜ፣ የሊፍት ሠራተኛው፣ የሽቶ ሻጯና አንዲት ገበያተኛ ሞቱ። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ መጽሐፍዎ በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አደጋው የደረሰው «የማሞቂያ ሠራተኛው በቸልተኝነት ባጨሰው ሲጋራ ነው» ይላል። ይኸው ዓረፍተ ነገር በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የፊታችን ሐሙስ በክቡርነትዎ እጅ እንደሚመረቅም ሰምቻለሁ። ወንድሜ አስም ነበረበት፤ ሲጋራ ያየ እንደሆነ መንገድ ይሻገራል። መደብሩ በሙሉ «አነፍናፊው» እያለ ነበር የሚጠራው፣ ጋዝ ከማንም ቀድሞ ስለሚሸተው። አንድ ጊዜ ሰርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ሳይስም ቀጥ ብሎ ወጥ ቤት ገባና የሚያፈሰውን ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ግቢ አወጣው። ሚስቱ «በሰው ሰርግ አዋረድከኝ» ብላ አንድ ሳምንት አኩርፋዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው አጫሽ ለማድረግ ምን ያህል እንደለፉ ሳስበው ድካምዎ ያሳዝነኛል። ሴት ልጁ «የአጫሹ ልጅ» እየተባለች አድጋ፣ ዛሬ ከአደባባዩ ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሰሌዳው የሚተከለው ከክፍሏ መስኮት ትይዩ ነው። ተማሪዎቿ ንባብ ሲለማመዱ የአባቷን ጥፋት ጮክ ብለው እንዲያነቡላት ስለታሰበ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በገጽ ሠላሳ ሁለት «ምክትል ሥራ አስኪያጁ ለነፍሳቸው ሳይሳሱ ሁለት ደንበኞችን ተሸክመው ከእሳቱ አወጡ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህማ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በዚያ ሰዓት እርስዎ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት ተቀምጠው ጢምዎን ይላጩ ነበር። እኔ ከመስታወት ስባሪ መሐል በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ስወጣ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው እርስዎ ነዎት፦ አንገትዎ ላይ ነጭ ፎጣ፣ ግማሽ ፊትዎ ላይ አረፋ። ፀጉር አስተካካዩ ሰማንያ ዓመታቸውን አልፈዋል፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጫቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ጠይቄአቸው «ግማሹን ጢም ሳልጨርስለት ነው ተነስቶ የሮጠው፤ ሩጫውም ወደ መደብሩ አልነበረም። ፎጣዬንም ይዞ ነው የሄደው» አሉኝ። የተሸከሙት ነገር ቢኖር እንግዲህ ፎጣው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፣ ለእርሱ ስል ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ መደብራችን ቁጠባ ይወድ ነበር። ጫማ ቅርጹን እንዳይለቅ ጫፉ ውስጥ የሚወተፈውን ወረቀት አንገዛም ነበር፤ ከአራተኛ ፎቅ በየሐሙሱ አንድ ጆንያ ያለቀለት የቢሮ ወረቀት ይወርድልናል። እኛ ልጃገረዶቹ ሳናነብ እንጨመድዳለን፣ እንወትፋለን። ክቡርነትዎ ሊያዩት የማይፈልጉትን ወረቀት ሁሉ በዚያ ጆንያ እንደሚልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ብልሃቱ ጥሩ ነበር፣ የጫማ ሆድ ማን ያነባል?

ዓርብ ዕለት ወንድሜ ከእኔ ዘንድ ጥቁር ጫማ ገዛ። በማግስቱ ፍንዳታው ሆነ፤ ጫማው አንድም ቀን ሳይደረግ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ። ሚስቱ ለማንም አልሰጥም ብላ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃው ኖረች። የእርስዎን መጽሐፍ ያነበበች ቀን ግን አስጠርታኝ ካርቶኑን በእጄ አስያዘችኝና «አውጪልኝ፣ እህቴ። እግሩ የለ፣ አሁን ደግሞ ስሙም የለ፣ ጫማው ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። ቤቴ ወስጄ ልወለውለው የቀኙን ውታፍ ሳወጣ በጣም የማውቀው የእጅ ጽሑፍ ወጣ።

የወንድሜ ነው። ማክሰኞ ዕለት ለእርስዎ የተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «ከደረጃው ሥር ያለው ቧንቧ ጋዝ ያፈሳል። ሽታው ከትናንት ብሷል። መደብሩ አንድ ቀን ይዘጋልኝና ልቀይረው።» በጎኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ቅናሹ እስኪያልቅ ይቆይ» የሚል ቃል፣ ከሥሩም እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ፊርማ አለ። የማን እንደሆነች ለማወቅ አልደከምኩም። በመጽሐፍዎ መግቢያ ላይ ያቺው ቀንድ አውጣ በዚያው አረንጓዴ ቀለም ታትማለች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቀለም እንኳ አለመቀየርዎ ጽናትዎን ያሳያል።

ማክሰኞ የተጻፈ፣ ሐሙስ በጆንያ የወረደ፣ ዓርብ የተሸጠ፣ ቅዳሜ የፈነዳ። ጨምድዳ የወተፈችውም እኔ ነኝ፣ ይህን ደብዳቤ በሚጽፈው እጄ። ወንድሜን «ወንድም ጋሼ፣ ይመችሃል» ብዬ የራሱን ማስጠንቀቂያ በራሱ ጫማ ውስጥ አድርጌ ሸኘሁት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሁለት ሌሊት አልቅሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ሳቅ ጀመርኩ፣ አላቆምኩም። ሚስቱ «ተይው፣ የሞተ አይመለስም» ትለኛለች። እኔም «የሞተው ባይመለስ የዋሸው ይመለሳል» እላታለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ምረቃውን እባክዎ አይሰርዙ፣ ሰሌዳውንም አያስነሱ፤ ብዙ ተለፍቶበታል። የሲጋራዋ መስመር ብቻ ትፋቅና በቦታዋ የራስዎ ቃል ከነፊርማዎ ይቀረጽ። ነሐስ ቀራጩን ጠይቄዋለሁ፦ «እትዬ፣ ሦስት ቃል በደንብ ይገባል፣ ቀንድ አውጣዋም ትገባለች» ብሎኛል። የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ለእርሱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለሌሎቹ ሦስት ሟቾች ቤተሰቦችና ለዚህ ጋዜጣ አድያለሁ። መምህርቷ ደግሞ አንዱን ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ ልጆቹ ንባብ የጀመሩት በእርሱ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከፊተኛው ረድፍ እንገኛለን። ፀጉር አስተካካዩ ምላጫቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መሞት አይፈልጉም።

ከወንበርዎ ቁመት በማያንስ አክብሮትና ከዚያም በሚበልጥ ደስታ፣
የጆንያዎ ታማኝ ተቀባይ የነበረችው ጫማ ሻጭ፣
የአነፍናፊው ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ እስካሁን ያነበብኩት የቀኙን ብቻ ነው። ግራው ጫማ እንደተወተፈ ነው፣ አልነካሁትም፤ በጠርዙ በኩል ግን አረንጓዴ ቀለም ይታያል። ሐሙስ እርስዎ የሰሌዳውን ጨርቅ ሲገልጡ እኔ ግራውን በሰው ፊት እዘረጋዋለሁ። ምን እንደሚል አስቀድመው ካስታወሱ ይንገሩኝ፣ ድምፄን እንዳዘጋጅ።