የእናትሽ ሰማያዊ ቀሚስ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ስፌት ቤቱም ሥራ አላጣም።

የእናትሽን ዶክተር አነጋገርኳቸው። የጡት ካንሰሩ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ብብቷ ሥር እስካለው ንፍፊት ዘልቋል እንጂ ሌላ ቦታ አልሄደም አሉኝ። መጀመሪያ እብጠቱን በመድኃኒት ያሳንሱታል፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ቀጥሎ ጨረር። «በዚህ ደረጃ ብዙዎች ይድናሉ» ብለውኛል። መድኃኒቱ ግን የምግብ ፍላጎቷን ዘግቶታል።

ስለዚህ ቀሚሶቿን እያጠበብኩላት ነው። ትርፉን ጨርቅ እንደ ልማዴ አልቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ እተወዋለሁ። ሰውነቷ ሲመለስ እፈታዋለሁ። «ይኮሰኩሰኛል፣ ቁረጠው እንጂ!» ትለኛለች። መቀሱ ዶልዱሟል እላታለሁ። «የልብስ ሰፊ መቀስ ዶልዱሞ!» ብላ ትስቅብኛለች። ሳቋ ያው ነው፣ አልከሳም።

ትናንት ያንን የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አመጣችና «ይሄን እንኳ በልጃችን ልክ አድርገው» አለችኝ።

ልክሽን ረሳሁት አልኳት። እኔ የልጄን ልክ ልረሳ! በስልክ ከጠየቀችሽ እንዳትነግሪያት፣ አደራ።

ሦስታችንንም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አባትሽ