ግራጫው ጓንት

ናውምቡርግ፣ በኅዳር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴን ከቀበርነው ሰባት ወር ቢሆነውም ዛሬም ለሁለት ሰው ገበታ አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ቪፕሬክት የሚባል ምሁር ከዬና ከተማ መጣ። ስለ ባሌ ስለ ሌበሬክት አሳዛኝ ተውኔት መጽሐፍ እየጻፈ ነው። የፕሪም ኬኬን እየጎረሰ፣ ዕጣ ፈንታው ከግሪኮች፣ እብደቱ ከእንግሊዞች፣ ጸሎቱ ከመዝሙረ ዳዊት እያለ ባሌን ብልት በብልት አወጣው።

ጓንቱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ልጅቷ በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ ስትንሸራተት ግራጫ ጓንቷ ይወድቅና የእህቷ እጮኛ ሊያመጣላት ሄዶ የሚሰምጥበት ቦታ ላይ። «ጓንቱ ለጋብቻ የተሰጠ እጅ ነው፣ በረዶው ኅሊና፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደቀዳው ግን አላገኘሁም» አለኝ።

ከመጽሐፍ! እትዬ፣ እኔና አንቺ እናውቀዋለን። ከሠርጌ በፊት በነበረው ብርድ፣ ዛሌ ወንዝ በረዶ ላይ በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ጓንትሽን ያነሳው ሌበሬክት ራሱ ነው። አንቺ «ጓንት እንጂ ነፍስ አልጣልኩም፣ ተነስ አንተ ሞኝ!» እያልሽ ትስቂያለሽ። እኔ የሁለታችሁን ካፖርት ይዤ ዳር ቆሜያለሁ። አንድ እጅሽ ባዶውን እንደሆነ ወደ ቤት ገባሽ። ጓንቱ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም።

በስድስት ወሩ አገባኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ክፉ ቃል አልወጣውም። ለእኔ ግን አንዲት ስንኝ አልጻፈልኝም።

ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝና «ልጅቷ እርስዎ ነዎት፣ አይደል?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ጉንጬ እንደ ኮረዳ ጉንጭ ቀላ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲጠይቀኝም፣ በሌበሬክት እጅ ስምሽ የተጻፈበትን ገጽ ቀድጄ ምድጃ ከተትኩና የተረፈውን ሰጠሁት። ቀናሁብሽ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ማቅ ለብሼ ቀናሁብሽ።

ትናንት ምዕራፉን ገልብጦ ላከልኝ። «እንደዚህች ሴት የተወደደች የለችም» ይላል። አንብቤ መቀመጥ አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት «ዋሽቼዎታለሁ፣ እኔ አይደለሁም» ብዬ አድራሻሽን ላክሁለት። ስምሽን ልጨምር ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

መጥቶ በርሽን ሲያንኳኳ ራስሽ ንገሪው። የማላውቀውም ካለ ንገሪው፣ ያሳትመው። ለእኔ ግን እንዳትጽፊልኝ።

ፈጣሪ በሰላም ያክርምሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው።

ታናሽሽ