ዶክተር አንሰልሞ ደህና ናቸው ብዬ ስለጻፍኩልህ

ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
እሑድ፣ ሰኔ 16 ቀን 1988 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ ጁን 23፣ 1996)

ከፍያለው፣ የእናቴ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ አታንብበው። አብሮህ የሚኖረው እንድሪያስ ከጎንህ ካለ ጥሩ ነው።

ዶክተር አንሰልሞ አርፈዋል። ዛሬ አሥራ አንድ ቀናቸው ነው። መርዶ በደብዳቤ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እንደ ወጋችን ቢሆን ሊዝበን ያሉ ያገራችን ሰዎች ማለዳ በርህን አንኳኩተው፣ አስቀምጠው በነገሩህ ነበር። እኔ ግን በዚሁ ወግ ስም ያደረግሁትን ራሴ ልንገርህ።

የጉበታቸው ሕመም የታወቀው በጥር ነው። የዚያኑ ሳምንት ጠሩኝና፣ "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ለከፍያለው ጻፊለት። አልድንም። ሳልሄድ መጥቶ ይየኝ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ቤት ገብቼ ግን "ትንሽ ደክሟቸዋል እንጂ ደህና ናቸው" ብዬ ጻፍኩልህ። የሕክምና ትምህርትህ የመጨረሻ ፈተና እየተቃረበ ነበር። ያሳደግሁት ልጅ በሰው አገር ደንግጦ ይወድቅብኛል ብዬ ፈራሁ። በመጋቢትም በግንቦትም ያንኑ ደገምኩት።

ሱዳን የስደተኞች ካምፕ እያለን የአባባን ሞት ሦስት ወር ስደብቅህ ዶክተር የተቆጡኝን እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ያን ቀን ነው በአገራቸው በፖርቱጋል የታሰሩበትን ጊዜ ያጫወቱኝ። በወጣትነታቸው መንግሥትን ተቃውመው ታስረው ሳለ እናታቸው ሞቱ። ጠባቂዎቹ አልነገሯቸውም። ስምንት ወር ሙሉ ለሞተች እናት ደብዳቤ ሲጽፉ ኖሩ፤ ሲፈቱ ደብዳቤዎቹን በገመድ አስረው መለሱላቸው። ያ የፖርቱጋል መንግሥት ወድቆ ፓርላማ ሲገቡም መጀመሪያ የተሟገቱት እስረኛ ሐዘኑ እንዳይደበቅበት ነበር። በኋላ "ፓርቲዬ ድምፄን እንጂ በሽተኞቼን አይፈልግም" ብለው ትተውት፣ መድኃኒት ይዘው እኛ ዘንድ መጡ።

እዚህ ቴክሳስ፣ አዲሰን ከተማ፣ ልጃቸው ሄለና ቤት ከገቡም በኋላ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በነፃ ያክሙ ነበር። ታክሲ ነጂው ጳውሎስ "ዶክተር፣ ኢንሹራንስ የለኝም፣ ታዲያ የሕክምናውን ሂሳብ ለማን ሊልኩት ነው?" ሲላቸው፣ በዚያ አንተ ባስተማርካቸው አማርኛ "ለፓርላማ ስወዳደር ትመርጠኛለህ" ይሉት ነበር።

ከየካቲት ወዲህ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። "መልስ መጣ?"

"ፖስታው ዘገየ" እላለሁ።

በሚያዝያ ሄለና ቤት ስትደውል ስልኩን እኔ አንስቼ "ተኝተዋል" አልኩህ። አልተኙም ነበር። ከእኔ አምስት እርምጃ አይርቁም፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

የመጨረሻው ሰኞ እጄን ያዙና "ሰብለ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት?" አሉኝ። ትራሳቸውን ማስተካከል ጀመርኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ኋላም ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ስምህን በአማርኛ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ እጃቸው እምቢ አለ። ወረቀቱን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

በቀብሩ ላይ ሄለና "ከፍያለው መምጣት አልፈለገም?" ስትለኝ አላስተባበልኩም። ውለታ ቢስ አድርጌህ ተመለስኩ። ነገ ከሥራ ስወጣ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። "ከቤቴ ውጪ" ብትለኝ አልፈርድባትም።

ፈተናውን ማለፍህን የጻፍክበት ደብዳቤ በተቀበሩ ማግስት ደረሰ። "ለዶክተር አንብቢላቸው፤ ለምርቃቴ ሊዝበን ይምጡልኝ" ብለሃል። ከፍዬ፣ አንተንም ለሞተ ሰው አስጻፍኩህ።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። እግዚአብሔር የእሳቸውን እጅ በእጅህ ላይ ያሳድርልህ። የምትነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልህ።

ያሳደገችህ፣ ስንብታቸውንም የነፈገችህ
እህትህ ሰብለወርቅ