እናትየዋን አስቀድመው የጠየቁት ኤድልሚራ ኪሮጋ

ሴኞራ ኤድልሚራ ኪሮጋ ከአባታቸው ከዶን ሴጉንዶ ኪሮጋና ከእናታቸው ከዶኛ ማቲልዴ ኦርዶኜስ፣ በሎሃ ተራሮች ሥር በምትገኘው በሳን ፕላሲዶ መንደር በ1951 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በዘፈንም በነገርም የሚችላቸው አልነበረም።

በ1970 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአንሴልሞ ሃራሚዮ ጋር ትዳር መሥርተው፣ በዓመቱ የበኩር ልጃቸውን ኢልዳን ወለዱ። በአገራችን ደንብ አራስ አርባ ቀን ነፋስ እንዳይነካት መስኮት ተዘግቶባት የዶሮ ሾርባ ትጠጣለች፤ ጠያቂም ሾርባውን አስቀምጦ ወደ ሕፃኑ ይሮጣል። ኤድልሚራ ግን ልጃቸውን ማቀፍ አቃታቸው፤ እንባቸውም አልቆም አለ። ሰዉ "ብርድ ገብቷት ነው" እያለ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፈው። ጨለማው ባሰ እንጂ እርሳቸው አልተሻላቸውም። አንድ ማለዳ ከቤት ጠፍተው፣ ወንዝ ዳር ቆመው ያገኟቸው አማታቸው ዶኛ ክሎቲልዴ ነበሩ። አልተቆጧቸውም። አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ "ሕፃኗ ደኅና ናት ልጄ። አንቺስ እንዴት ነሽ?" አሏቸው። ከወለዱ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አማታቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፤ እስኪያገግሙም ኢልዳን ይዘው በተኙበት ክፍል አብረዋቸው አደሩ።

ከዚያ በኋላ ረዳት ነርስነት ተምረው፣ እስከ ጡረታቸው በመንደሩ ጤና ጣቢያ አገለገሉ። በየአራሷ አልጋ አጠገብ በርጩማ አኑረው፣ ሾርባ ያመጣ ሁሉ ሳህኑ እስኪያልቅ እንዲቀመጥ ደነገጉ። ወደ ሕፃኑ የሚጣደፈውን፣ "ምን ያስሮጥሃል? ሕፃኑ የትም አይሄድ! መጀመሪያ እናትየዋን ጠይቅ" ይሉት ነበር። ሐዘኑ የጠናባትን ራሳቸው ከተማ ይዘዋት ይሄዳሉ፤ የሚያፍር ባል ሲገጥማቸውም፣ "እግሯ ቢሰበር ትደብቃት ነበር?" ይሉታል። ጤና ቢሮውን ደጅ ጠንተው ጠንተው፣ የእናቶችን ጭንቀት የምታክም ሐኪም በየሳምንቱ ወደ መንደራችን እንድትመጣ አድርገዋል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታመሙ ያስታመመቻቸው ያቺው፣ ያኔ ማቀፍ ያቃታቸው ኢልዳ ናት። ጠያቂ ወደ አልጋቸው ሲመጣ፣ "እኔ የትም አልሄድም፤ መጀመሪያ ልጄን ጠይቋት፤ እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች" ይሉ ነበር። በሕይወታቸው የዋሹን ይህንን ብቻ ነው። ማርች 9 ቀን 2023 በኢልዳ እቅፍ ውስጥ አረፉ።

ሴኞራ ኤድልሚራ የሦስት ልጆች እናትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። እመቤታችን የሲስኔዋ ድንግል ነፍሳቸውን በእቅፏ ትቀበልልን።

ከቀብር መልስ ሾርባ ይዛችሁ ቤት ለምትመጡ ሁሉ፦ ኢልዳ በር አጠገብ ናት፤ በርጩማውም ከጎኗ ተቀምጧል።