ፊልሙን አማርኛ ላናገርከው

አካሌ ጌታሁን፣

አንተ በሌለህበት ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የደባርቁን ቤት ለሌላ መምህር ሰጡት፤ እኔና ሰብለ ዳባት እናቴ ዘንድ ገብተናል። ጓሮ የተከልከውን ጌሾ እንኳ ሳልቀነጥሰው ወጣሁ። ልጅህ አድጋለች። ባለፈው ሰሞን «እማ፣ የአባባ ድምፅ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

እኔ የሚሰማኝ የዚያ የገበያ ቀን ድምፅህ ብቻ ነው። በተራራው የዱር አራዊት ፓርክ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ትተውት የሄዱትን አሮጌ የካውቦይ ፊልም ለገበያተኛው ልታሳይ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋረድክ። ፊልሙ ይናገራል ቢባልም ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ አንተ ፊልሙ ከሚታይበት አንሶላ አጠገብ ቆመህ ሁሉንም አማርኛ ታናግራቸዋለህ። ፈረሰኞቹ ባንዲት ድንጋይ ሥር ደጋግመው ቢያልፉ ከበየዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ኧረ እነዚህ ሰዎች መንገድ ጠፍቷቸዋል!» አሉ። «አባቴ፣ ድኾች ናቸው፤ ያላቸው ድንጋይ አንድ ብቻ ነው» ስትላቸው ያልሳቀ አልነበረም።

ከዚያ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ባሏ የሞተባትን ሴት ከብት ሊነዱ መጡ። አንተ ድምፅህን አቅጥነህ «ልጄን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ከብቴን? ምን ቀራችሁ?» አልክ። ሳቁ ቆመ። ያን ሰሞን ልጅ ያልተወሰደበት ቤት የት ነበር? አንዲት እናት «እውነትሽን ነው፣ እህቴ!» ብላ ወደ አንሶላው ጮኸች፤ ሌሎቹም ማልቀስ ጀመሩ።

በሩ ሥር የተቀመጠው ካድሬ ተነሣ። «ጓድ መምህር፣ ፈረንጇ እንደዚያ ብላለች?»

«ብላለች» አልከው።

ትበል አትበል እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ወደ አንተ ስጋፋ አንተ በዓይንህ ሰብለን አሳየኸኝ፤ ይዣት እንድወጣ። ወጣሁ። አንተን ከነፊልሙ ወሰዱህ።

ስንቅ አመላለስኩልህ። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሰሃኑን እንደተቋጠረ መልሶ ሰጠኝና «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። ሬሳህን ለመንኳቸው፤ ከለከሉኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እንዳልለብስ፣ ጎረቤትም ለቅሶ እንዳይደርሰኝ ተነገረ። እናቴ አፌን በእጇ አፍና አሳደረችኝ።

ጌታሁን፣ ጨነቀኝ። ሄጄ የምወድቅበት መቃብር የለኝ። አንዳንዴ እቆጣሃለሁ፤ የሴትዮዋን ቃል ምነው ባለሰለስከው እላለሁ። ደግሞ መልሼ ያቺ እናት እንዴት እንደጮኸች አስባለሁ። ለካ ከአንተ ሌላ የሚያስለቅሳት አላገኘችም ነበር።

ያላለቀሱት ሐዘን ሰው ይገድላል፤ እየገደለኝ ነው። ስለዚህ ነገ ገበያ ነውና ደባርቅ እወጣለሁ። ሰብለን ለእናቴ አደራ ሰጥቻለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ገበያው መሀል ቆሜ፣ ስምህን ከነአባትህ ስም ጠርቼ አለቅስልሃለሁ። ሰው ይሸሸኝ ይሆናል፤ ይወስዱኝም ይሆናል። ግን በሕይወት እስካለሁ ጌታሁን የሚባል ሰው አልነበረም አያሰኙኝም።

ሚስትህ