በረዶ የነካው ክትባት

ውዳሴ፣
ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የዶሮ ክትባት ይዘሽ እንዳትወጪ።

ለወተቴ ቦታ ስላሳጣሽኝ ትናንት ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። የድሮውን እዚያ ስታስቀምጪ ስላየሁ ይሄም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ይሄ አዲሱ፣ የዶሮ ሳል በሽታ ቫይረስ ፕሮቲን ብቻ ያለበት፣ በረዶ ከነካው እንደማይሠራ ማሸጊያው ላይ ያነበብኩት ካቀለጥኩት በኋላ ነው። አሁን ሲያዩት ደህና ይመስላል።
ማታ ስትጠይቂኝ አልነካሁትም አልኩሽ።

ገበዝ ማርያም መንደር ሄጃለሁ። ሴቶቹ ዶሮዎቻቸውን ዘግተው እየጠበቁሽ ነውና ልቀቋቸው ልላቸው። እማማ ሀብትነሽ አምና በሳሉ አንዲት ዶሮ አልተረፈላቸውም፤ ዘንድሮ ጫጩት የገዙት አንቺን አምነው ነው።

ወተቱን አፍልቼዋለሁ፣ ጠጪው።

ማን አበላሸው ቢሉኝ እኔ ነኝ እላለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ፊታቸውን ሳይ ግን እንጃ።

ያይኔአበባ